የእግረኛውን መንገድ የለኩት ሐኪም

በካርታ ላይ በማስመሪያ የተለካ ርቀትና ሰው በእግሩ የሚሄደው ርቀት አንድ አይደለም። ይህ ልዩነት የሰው ሕይወት የሚያድንበት ወይም የሚያጠፋበት ጊዜ ስላለ፣ አስቀድመው የተረዱትን የዶክቶር ጆን ስኖውን ታሪክ ለጓደኞቻችን ተማሪዎች ልናቀርብ ወደድን።

ስኖው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1813 በእንግሊዝ አገር በዮርክ ከተማ ከአንድ የቀን ሠራተኛ ቤት ተወለዱ። በ14 ዓመታቸው ኒውካስል ሄደው ከአንድ ሐኪም ዘንድ ሙያ መማር ጀመሩ። በ1836 ትምህርታቸውን ለመቀጠል እስከ ሎንዶን የተጓዙት በእግራቸው ነበር። በ1844 የዶክቶርነት ማዕርግ አገኙ፤ በማደንዘዣ ሕክምናም ስማቸው ስለ ገነነ በ1853 ንግሥት ቪክቶሪያን በወሊድ ጊዜ ረድተዋል።

በ1854 በነሐሴ ወር መጨረሻ በሎንዶን የሶሆ ሠፈር ኮሌራ ተነሥቶ ከ600 የሚበልጥ ሰው ፈጀ። የዘመኑ ሊቃውንት በሽታውን የሚያመጣው የከረፋ አየር ነው ሲሉ ስኖው ግን ውሃውን ጠረጠሩ። ከቤት ወደ ቤት እየዞሩ ጠይቀው፣ በብሮድ ስትሪት ያለው የጉድጓድ ውሃ ፓምፕ እጀታ እንዲነቀል ሹማምንቱን አሳመኑ። ሆኖም ብዙው ሕዝብ ቀደም ብሎ ሠፈሩን ለቆ ስለ ሸሸ የሟቹ ቍጥር አስቀድሞ መቀነሱን ራሳቸው ሳይደብቁ መስክረዋል።

በ1855 ባወጡት ካርታ ላይ አንድ መስመር ጨመሩ። መስመሩ የሚያልፈው በብሮድ ስትሪት ፓምፕና በሌሎቹ ፓምፖች መካከል እኩል በሆኑት ቦታዎች ላይ ሲሆን፣ እኩልነቱ የተለካው በአየር ላይ ሳይሆን እግረኛው በሚሄድበት አጭር መንገድ ነው። ከሞቱት የሚበዙት በዚያ መስመር ውስጥ ተገኙ። ከመስመሩ ውጭ ከሞቱት አንዳንዶቹም በአቅራቢያቸው ያለው ውሃ ቆሻሻ በመሆኑ ትተውት ወደ ብሮድ ስትሪት ይመላለሱ የነበሩ ናቸው። ስለዚህ ሰው ሁልጊዜ ወደ ቅርቡ እንደማይሄድም ተረዱ።

ስኖው በ1858 ሐሳባቸው በሰፊው ተቀባይነት ሳያገኝ በ45 ዓመታቸው ዐረፉ።

ዛሬ ጎርፍ ወይም እሳት ሲነሣ ሕዝብ በየት በኩል እንደሚወጣ የሚያቅዱ ባለሙያዎች መገናኛውን ነጥብ፣ መንገዱን መስመር አድርገው በኮምፒዩተር ያሰላሉ። ነገር ግን ካርታው ለመኪና የተሠራ ከሆነ ደረጃው፣ በቤቶች መካከል ያለው አቋራጭና የተቈለፈው በር አይታዩበትም። ስሌቱም ትክክል ሆኖ ሳለ ሽማግሌውንና ሕፃን ያዘለችውን እናት ከግንብ ጋር ሊያጋጥማቸው ይችላል። እኛም ነገ ዕቅድ በእጃችን ሲገባ፣ ከማስመሪያው በፊት መንገዱን በእግራችን ሄደን እንድናየው የስኖው ሕይወት ያስተምረናል ብለን እናምናለን።