ዶክተር ኧርነስት ፕራይስና ቀዩ አፈር

ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ ስትጓዙ ግራና ቀኝ የተዘረጋውን ቀይ አፈር ታውቁት ይሆናል። በርበሬውና በቆሎው የሚያምርበት ይህን የመሰለ አፈር በባዶ እግሩ ለሚያርሰው ገበሬ ሌላ ጠባይ እንዳለው ከገለጹት ሰዎች አንዱ፣ ብሪታኒያዊው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ ነበሩ።

ፕራይስ ወደ ኢትዮጵያ ከመምጣታቸው በፊት በሥጋ ደዌ ሕሙማን የእግር ቁስል ላይ ብዙ የደከሙ ሐኪም በመሆናቸው፣ እግርን አስተውሎ መመርመር ልማዳቸው ነበር። እዚህ ያጋጠማቸው ግን ዝሆኔ የምንለው፣ ከእግር ጣት ጀምሮ እየወፈረና እየሻከረ ወደ ጉልበት የሚወጣው እብጠት ነበር። የሕክምና መጻሕፍት በአብዛኛው ዝሆኔን የሚያመጣው በትንኝ የሚተላለፍ ትል ነው ይሉ ነበር፤ ሆኖም በእነዚህ የደጋና የወይና ደጋ ሕሙማን ደም ትሉ አልተገኘም። ሕዝቡ በበኩሉ በሽታውን የዘር ወይም የእርግማን አድርጎ ስለሚያይ፣ ከታማሚው ቤት ልጅ ለማግባት የሚደፍር ጥቂት ነበር።

ፕራይስ ሕሙማኑ የሚኖሩበትን አገር ከአፈሩ፣ ከከፍታውና ከዝናቡ ጋር አስተያዩ። በሽታው የበዛው ዝናብ በማይጎድለው ከፍተኛ ቦታ፣ ከእሳተ ገሞራ ዐለት በተገኘ ቀይ ሸክላ አፈር ላይ ሆኖ አገኙት። ከብሽሽት ንፍፊት የተወሰደው ናሙና በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ሲታይ፣ የሲሊከንና የአሉሚኒየም ደቃቅ ብናኝ ተገኘበት። ብናኙ በቆዳ ሰርጎ ሲገባ የሰውነት መከላከያ ሕዋሳት ይውጡታል፤ ሊያጠፉት ግን አይችሉም። ስለዚህ ብግነት ይነሣል፤ ብግነቱም ጠባሳ ትቶ የሊምፍ መተላለፊያዎችን ይደፍናል፤ ፈሳሹም መውጫ ሲያጣ እግር ያብጣል። ፕራይስ እ.ኤ.አ. በ1988 ለበሽታው ፖዶኮኒዮሲስ የሚል ስም ሰጡት፤ ከግሪክኛ እግርና ትቢያ ከሚሉት ቃላት የተገኘ ነው።

ሕዝቡም ቢሆን ፈጽሞ አልተሳሳተም። በ2012 የታተመ የወላይታ ጥናት ለበሽታው መጋለጥ በከፊል ከዘር ጋር እንደሚያያዝ አሳይቷል። ነገር ግን ዘሩ ምንም ይሁን፣ ጫማ የለመደ እግር ከአፈሩ ይጠበቃል።

በዚያው ዓመት የታተመ ሌላ ጥናት በደንበጫና በደብረ ኤልያስ ወረዳዎች፣ ዕድሜያቸው 15 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆኑት መካከል 3.3 በመቶ የሚሆኑት ታማሚዎች እንደነበሩ ገልጧል። እብጠቱን የሚያጠፋ ክኒን የለም። በ2018 የታተመው የጎጃም ጥናት እንዳረጋገጠው ግን፣ እግርን በሳሙና መታጠብ፣ ቅባት መቀባት፣ ካልሲና ጫማ ማድረግ ድንገት እየተቀሰቀሰ አልጋ ላይ የሚጥለውን ሕመም ይቀንሳል።