ማርጋሬት ዌድ፦ ኮሌጃቸው የዘጋውን ሜዳ ከ41 ዓመታት በኋላ ያስከፈቱት አሠልጣኝ

በአውሮፓውያኑ አቆጣጠር በ1932፣ በደቡባዊ አሜሪካ ሚሲሲፒ ግዛት በክሊቭላንድ ከተማ የሚገኘው የዴልታ ስቴት መምህራን ኮሌጅ የሴቶች ቅርጫት ኳስ ቡድኑን በተነ። የተሰጠው ምክንያት ጨዋታው ለወጣት ሴቶች እጅግ አድካሚ ነው የሚል ነበር። ተጫዋቾቹ አለቀሱ፤ የመጫወቻ ልብሳቸውንም አቃጠሉ። ከእነዚህ ሴቶች አንዷ ማርጋሬት ዌድ ነበሩ።

በ1912 ማብቂያ ማኩል በምትባል የሚሲሲፒ ከተማ የተወለዱት ዌድ፣ ቡድኑ ሲፈርስ ገና ሃያ ዓመት አልሞላቸውም ነበር። ውሳኔው የእርሳቸው ኮሌጅ ብቻ አልነበረም። በዚያ ዘመን ብርቱ ፉክክር የሴቶችን ጤናና ጨዋነት ይጎዳል የሚል አመለካከት በአሜሪካ ኮሌጆች ዘንድ ተስፋፍቶ ስለነበር፣ በርካቶቹ የሴት ተማሪዎቻቸውን ውድድር አግደዋል ወይም ገድበዋል።

ዌድ ግን ከኳሱ አልራቁም። ለጥቂት ጊዜ ቱፔሎ ሬድ ዊንግስ ለተባለ ቡድን ከተጫወቱ በኋላ ወደ መምህርነትና ወደ አሠልጣኝነት ተሻገሩ። በኮሌጅ የተዘጋው በር በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ክፍት ነበርና፣ አብዛኛውን የአሠልጣኝነት ዘመናቸውን በክሊቭላንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አሳለፉ። በሁለተኛ ደረጃ ያሠለጠኗቸው ቡድኖች 453 ጊዜ ሲያሸንፉ የተሸነፉት 89 ጊዜ ብቻ ነው። በ1959 አሠልጣኝነቱን ትተው በቀድሞ ኮሌጃቸው የሰውነት ማጎልመሻ ትምህርት ማስተማር ጀመሩ። በሥራ ላይ የሚውሉበት ግቢ የራሱ የሴቶች ቡድን አልነበረውም።

በ1972 ግን ሕግ ተለወጠ። ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበሉ የትምህርት ተቋማት በጾታ ምክንያት አድልዎ እንዳያደርጉ የሚከለክለው፣ ‘ታይትል ናይን’ በመባል የሚታወቀው ድንጋጌ ጸደቀ። በቀጣዩ ዓመት ዴልታ ስቴት የሴቶች ቡድኑን እንደገና ሲያቋቁም አሠልጣኝነቱን ለዌድ ሰጠ። ቡድኑ ከፈረሰ 41 ዓመታት አልፈው፣ የያኔዋ ተጫዋች የ60 ዓመት ሴት ሆነው ነበር።

የአዲሱ ቡድን ምሰሶ ሉሲያ ሃሪስ ነበረች። ሚንተር ሲቲ ከምትባል የገጠር መንደር የመጣችው ይህች ቁመተ ረጅም ተጫዋች ጥቁር አሜሪካዊት ስትሆን፣ በሚሲሲፒ ጥቁርና ነጭ ተማሪዎች በአንድ ግቢ መማር ከጀመሩ ገና ጥቂት ዓመታት ብቻ ተቆጥረው ነበር። ዌድ የቡድኑን አጨዋወት በእርሷ ዙሪያ ገነቡ።

ዴልታ ስቴት በሁለተኛው ዓመት አንድም ጨዋታ ሳይሸነፍ የ1975 ብሔራዊ ሻምፒዮን ሆነ። ለፍጻሜ የገጠመው ያለፉትን ሦስት ዓመታት ዋንጫ በተከታታይ የወሰደውን ኢማኩላታ ኮሌጅን ነበር፤ 90 ለ81 ረታው። በ1976 እና በ1977ም ዋንጫውን አነሣ። በመካከሉ 51 ጨዋታዎችን በተከታታይ አሸንፏል። ሃሪስም በ1976ቱ የሞንትሪያል ኦሊምፒክ፣ ሴቶች ለመጀመሪያ ጊዜ በተካፈሉበት የቅርጫት ኳስ ውድድር የመጀመሪያዋን ነጥብ በማስቆጠር ስሟን በታሪክ አስመዘገበች።

ዌድ በ1979 ከአሠልጣኝነት ሲሰናበቱ፣ በዴልታ ስቴት 157 ድልና 23 ሽንፈት አስመዝግበው ነበር። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ ለአሜሪካ ምርጥ የኮሌጅ ሴት ተጫዋች የሚሰጥ ሽልማት በስማቸው ተሰይሟል። በ1985 ደግሞ በኔይስሚዝ የቅርጫት ኳስ የክብር መዝገብ ስማቸው ከሰፈረ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ሴቶች አንዷ ሆኑ።

ማርጋሬት ዌድ በ1995 በ82 ዓመታቸው አረፉ። ለወጣት ሴቶች አይሆንም የተባለው ጨዋታ፣ በዘጋው በዚያው ኮሌጅ ሦስት ብሔራዊ ዋንጫዎች ተነሥተውበታል። በስማቸው የተሰየመው ሽልማትም ዛሬ ድረስ በየዓመቱ ለአንዲት ወጣት ሴት ይሰጣል።