የአቡ ሩሚ ሕይወትና የትዕግሥቱ ፍሬ

አንባቢ ሆይ፥ ጎጃም የሊቃውንት አገር መሆኑን ታውቃለህ። የዲማ ጊዮርጊስ የቅኔ ተማሪ ደበሎውን ለብሶ፥ አኩፋዳውን አንግቶ፥ ከየደጁ ቁራሽ እየለመነና ከውሻ ጋራ እየታገለ ስንት ዘመን በትዕግሥት ይማር እንደ ነበረ ሳትሰማ አልቀረህም። እንግዲህ ከዚሁ ከጎጃም ወጥቶ የድካሙን ፍሬ ሳያይ ስለ ሞተ አንድ ሰው ስማ፤ ለጠባይህ ትምህርት ይሆንሃል።

ይህ ሰው አቡ ሩሚ ይባላል፤ የተወለደውም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1750 ዓመት ገደማ ነው። አገሩን ትቶ ኢየሩሳሌምን ተሳለመ፤ ሶርያን፥ አርመንን፥ ፋርስንና ህንድንም ዞረ። በመጨረሻ ወደ ካይሮ በመጣ ጊዜ ጽኑ ሕመም ያዘው። በዚያ ከተማ የፈረንሳይ ቆንስል ሹም የነበረው አስለን አገኘውና አስታመመው፥ ከሞትም አተረፈው።

በዚያ ዘመን መጽሐፍ ቅዱስ በአገራችን የሚነበበው በግዕዝ ነበረ፤ ግዕዝ ያልተማረ ገበሬ ቃሉን ራሱ አንብቦ ሊረዳው አይችልም ነበር። ስለዚህ ሁለቱ መጽሐፉን በሙሉ ወደ አማርኛ ለመመለስ ተነሡ። በየሳምንቱ ማክሰኞና ቅዳሜ በራቸውን ለእንግዳ ሁሉ ዘግተው የዐረብኛውን መጽሐፍ በቀስታ አብረው ያነቡ ነበር። ምሥጢሩ የጠበቀ እንደ ሆነ አስለን ከዕብራይስጡ፥ ከሱርስቱና ከጽርዑ አመሳክሮ ይፈታለታል፤ አቡ ሩሚም በአማርኛ ይጽፋል። እንዲህ ሲያደርጉ 10 ዓመት አለፈ። ሥራው በተፈጸመ ጊዜ አቡ ሩሚ በገዛ እጁ የጻፈው 9,539 ገጽ ሆነ።

ከዚህ በኋላ ዳግመኛ ኢየሩሳሌምን ተሳልሞ ወደ ካይሮ ተመለሰ፤ በዚያም በ1819 ዓመት ገደማ በወረርሽኝ በሽታ ሞተ። ከጻፈው ሁሉ አንዲት ገጽ እንኳ ታትማ አላየም።

ሥራው ግን አብሮት አልተቀበረም። በ1820 ዓመት የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ሚሲዮን ማኅበር መልእክተኛ ዊልያም ጆዌት ጽሕፈቱን ለመጽሐፍ ቅዱስ ማኅበር በ1,250 ፓውንድ ገዛው። አራቱ ወንጌል በ1824፥ አዲስ ኪዳን በ1829፥ መላው መጽሐፍ በ1840 ታተመ። በ1830 ዓመት ሳሙኤል ጎባትና ክርስቲያን ኩግለር የሚባሉ ሚሲዮናውያን ወደ ትግራይ ሲገቡ ይህን ወንጌል ይዘው መጡ። ኩግለር በዚያው ዓመት ሞተ፤ ጎባት ግን እስከ ጎንደር ዘልቆ ወንጌሉን አደለ።

በምዕራብ አፍሪካም እንዲሁ ሆነ። ከባርነት ነፃ የወጣው ሳሙኤል አጃዪ ክራውዘር፥ በ1864 ዓመት ጳጳስ ሆኖ የተሾመው፥ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ወገኖቹ ወደ ዮሩባ ቋንቋ በመመለስ ብዙ ደክሟል። ሚሲዮናዊ ከባሕር ማዶ ቢመጣ፥ የአገሩ ሰው ቋንቋውን ካላበደረው በምን ይናገራል?

የአቡ ሩሚ ትርጉም ነቀፌታ የለበትም አንልም፤ ከእርሱ በኋላ የተነሡ ሰዎች ደጋግመው አርመውታል። ነገር ግን አራሚ የሚያርመውን የሚያገኘው አስቀድሞ የጻፈ ሲኖር ነው።

እንግዲህ ወንድሜ ሆይ፥ ከዚህ ሰው ሦስት ነገር ተማር። በደጅህ የወደቀውን ታማሚ መንገደኛ አትለፈው፤ በእርሱ እጅ ምን እንደሚሠራ አታውቅምና። ሥራ በጀመርህ ጊዜ ከሳምንትህ ቀን ለይተህ በርህን ዝጋ፤ ጨዋታ ወዳዱ ቢቀየምህም ሥራህ ይፈጸማል። ደግሞም የምትተክለው ዛፍ ጥላው ለልጆችህ ቢሆን አትዘን። አቡ ሩሚ የጻፈው ከእርሱ በኋላ ለሚመጣው ነበረ፤ ያም የሚመጣው ሰው ዛሬ በቋንቋህ የምታነብ አንተ ነህ።