ትምህርት ቤቱን ወደ መንደር ያመጡት አቶ ዮና ቦጋለ

አቶ ዮና ቦጋለ የተወለዱት ከጎንደር ከተማ ወደ ሰሜን ጥቂት ኪሎ ሜትር ወጣ ብላ በምትገኘው በወለቃ ነው። ጊዜው የ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ነበር (የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ወለቃ የቤተ እስራኤል መንደር ነበረች። ሴቶቹ ሸክላ ይሠራሉ፤ ወንዶቹ ብረት ይቀጠቅጣሉ፣ ይሸምናሉ፣ ርስት ስለሌላቸውም የሰው መሬት ያርሳሉ። የአቶ ዮና አባትም ገበሬና ሸማኔ ነበሩ። እንዲህ ባለ ቤት ውስጥ ልጅ ማለት የሥራ እጅ ነው። ከብት ይጠብቃል፣ ውኃ ይቀዳል፣ በአረም ጊዜ ያርማል፣ በመኸር ጊዜ ወፍ ያባርራል። ትምህርት ከተባለ ደግሞ ከቄሶቹ ዘንድ የሚገኘው የኦሪትና የዳዊት ንባብ ነው።

ዘመናዊ ትምህርት ቤት የሚባለው ነገር ወደ ቤተ እስራኤል የመጣው በክፉ በር ነበር። ከ1860 ጀምሮ የለንደን ሚስዮናውያን በጎንደር አካባቢ ሲሰብኩና ሲያስተምሩ ቆይተዋል። ፊደል ያስቆጥራሉ፣ መጽሐፍ ይሰጣሉ፣ ልጁ ግን ተጠምቆ ይመለሳል። ስለዚህ ብዙ እናትና አባት ልጃቸውን ከትምህርት ቤት ያስቀሩት አስበውበት ነው። ይህን ከነገሩ መጀመሪያ መናገር የፈለግሁት፣ የእኛ ሰዎች ትምህርት አይወዱም ነበር የሚለውን ወሬ ዛሬም አልፎ አልፎ ስለምሰማው ነው። እነዚያ ወላጆች ትምህርት ቤቱ በልጃቸው ላይ ምን እንደሚያደርግ ጠንቅቀው ያውቁ ነበር።

በ1904 ዣክ ፋይትሎቪች የተባለ ከፖላንድ የመጣ ወጣት ምሁር ወደ ቤተ እስራኤል ደረሰ። የሚስዮኖቹን ሥራ ለመቋቋም ያሰበው መንገድ ብሩህ ልጆችን መርጦ ወደ ውጭ ወስዶ ማስተማር፣ ከዚያም መምህር አድርጎ መመለስ ነበር። መጀመሪያ ከወሰዳቸው ከሁለቱ አንዱ ታምራት አማኑኤል ነበሩ። በቀጣዮቹ ዓመታት ሌሎችም ተከተሉ፤ ገና ልጅ የነበሩት ዮናም ከነሱ አንዱ ሆኑ። ከወለቃ ወጥተው በኢየሩሳሌም ተማሩ። ከዚያም በፍራንክፈርት፣ በስዊዘርላንድና በፓሪስ ቀጠሉ። ዕብራይስጥ፣ ጀርመንኛ፣ ፈረንሳይኛና እንግሊዝኛ ያወቁ ሰው ሆነው ወጡ።

ይህ መንገድ ግን ዋጋ ነበረው። ከተላኩት ልጆች መካከል በባዕድ አገር በበሽታ የሞቱ አሉ። የተመለሱትም ቢሆኑ ዓመታት ተለይተው ስለቆዩ ለመንደራቸው እንግዳ ሆነው ነበር። ለአንድ የወለቃ ገበሬ ልጁን ማስተማር ማለት ልጁን ማጣት ማለት ሆነ። ፋይትሎቪችን ለመውቀስ አይደለም፤ እሱ ባይመጣ ኖሮ ዛሬ ስለ አቶ ዮና የሚጻፍ ነገር ላይኖር ይችል ነበር። ሆኖም አቶ ዮና በኋላ የሠሩትን ሥራ ለመረዳት ይህን ዋጋ ራሳቸው የከፈሉ ሰው መሆናቸውን ማስታወስ ያስፈልጋል።

ወደ ኢትዮጵያ ሲመለሱ አዲስ አበባ በነበረው የቤተ እስራኤል ትምህርት ቤት አስተማሩ። ትምህርት ቤቱ በ1920ዎቹ የተከፈተና ታምራት አማኑኤል ይመሩት የነበረ ነው። ጥሩ ትምህርት ቤት ነበር፤ ነገር ግን ከጎንደር እስከ አዲስ አበባ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ወላጅ ልጁን አንዴ ከሸኘ በኋላ መቼ እንደሚያየው አያውቅም። በበዓል ቀን ቤቱ አይመጣም፣ በመኸር አያግዝም። ጣሊያን አገሪቱን ሲይዝ ያ ትምህርት ቤት ተዘጋ።

ጣሊያን ከወጣ በኋላ አቶ ዮና በትምህርት ሚኒስቴር ተቀጠሩ። በዚያ ዘመን እሳቸውን ያህል የተማረ ሰው በጣት የሚቆጠር ስለነበር ወንበሩም ክብሩም ነበራቸው። በ1953 ሥራውን ለቀቁ። ሶኽኑት በኢትዮጵያ ለቤተ እስራኤል ልጆች ትምህርት ለማስጀመር ሲነሣ አብረው ለመሥራት ነው የለቀቁት። በእኔ አስተያየት ከሕይወታቸው ሁሉ ትልቁ ውሳኔ ይህ ነው። ብዙ ሰው የሚያነሣላቸው ኋላ ለዓሊያ ያደረጉትን ትግል ነው፤ የመንግሥት ደመወዝን ትቶ በየመንደሩ ሣር ክዳን ጎጆ ውስጥ ትምህርት ቤት ለመክፈት መሄድ ግን ከዚያ የሚያንስ አይመስለኝም።

ሥራው በ1954 በአስመራ ተጀመረ። ከየመንደሩ የተውጣጡ ወጣቶችና ቄሶች ተሰብስበው ለመምህርነት ተማሩ። በ1955ና በ1956 በጠቅላላው 27 ወጣቶች ወደ እስራኤል፣ በራዓናና ወደሚገኘው የክፋር ባትያ የወጣቶች መንደር ተላኩ። እነዚህም ወደ ውጭ ሄደዋል፤ ልዩነቱ የተላኩት ተመልሰው በተወለዱበት አካባቢ እንዲያስተምሩ መሆኑ ነው። አብዛኞቹም ተመለሱ። በጎንደር ገጠሮች የመንደር ትምህርት ቤቶች ተከፈቱ፤ ከሁሉም ስሙ የገነነው የአምቦበር ነበር። አቶ ዮና መኪና በማይገባባቸው መንደሮች እየተዘዋወሩ ይከታተሉ ነበር።

አንድ ልጅ ከትምህርት ገበታ የሚቀርበትን ምክንያት አንድ በአንድ ብናይ፣ የመንደሩ ትምህርት ቤት ብዙዎቹን ከሥራቸው ይነቅል ነበር። መንገዱን እንውሰድ። ሌላው ትምህርት ቤት ያለው ከተማ ውስጥ ነው፤ የመንደሩ ግን እናት ከደጃፏ ቆማ ልታየው ትችላለች። ልጁ ጠዋት ተምሮ ከሰዓት በኋላ ከብቱን ሊጠብቅ ይችላል።

ሌላው ነገር የንጽሕና ሥርዓቱ ነው። ከመንደሩ ውጭ ከሌላ ሃይማኖት ሰዎች ጋር የዋለ ሰው ወደ ቤቱ ከመግባቱ በፊት ወንዝ ወርዶ መታጠብ ነበረበት። ጎረቤቶቻቸው አትንኩኝ የሚል ስም ያወጡላቸው በዚህ ነው። ልማዱ ከጊዜ በኋላ ቢላላም፣ በየቀኑ ከተማ ውሎ ለሚመለስ የሰባት ዓመት ልጅ በጎንደር ብርድ ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። በዚያ ላይ ቡዳ እየተባለ ከክፍል ጓደኞቹ ስድብ የሚጠብቀው ልጅ አለ። ይህን ሁሉ ችሎ በየቀኑ የሚሄድ ልጅ ጀግና ነው። ያልቻለውን ግን ሰነፍ ማለት አይገባም። በመንደሩ ትምህርት ቤት መምህሩ የዘመድ ልጅ ነው፤ ሰንበቱ ሰንበቱ ነው፤ ፋሲካውም ጾሙም በእሱ ካሌንደር ይሄዳል። አቶ ዮና ራሳቸው የበዓላቱን ቀን የሚያሳይ ካሌንደር ለማኅበረሰቡ አዘጋጅተዋል።

ሌላም አለ፤ ለእኔ ይህ ከሁሉ ይበልጥብኛል። መምህሩ የወላጁን ቋንቋና የወላጁን ቤት ያውቃል። ልጁ ሲቀር ምክንያቱን ለመጠየቅ ደብዳቤ መጻፍ አያስፈልገውም፤ ማታ ቡና ላይ ይሰማዋል። እናቱ ታማ ከሆነ፣ በሬው ጠፍቶ ከሆነ፣ ልብስ አጥቶ ከሆነ ያውቃል። ቄሱም ያውቃሉ። ሽማግሌ ጉዳዩን ሊይዘው ይችላል።

ይህን ስጽፍ አሽቀሎን ውስጥ በልምምድ ሥራዬ ያየሁት ነገር ፊቴ ላይ ይመጣል። እዚህ የግዴታ ትምህርት ሕግ ከ1949 ጀምሮ አለ፤ የሚቀሩ ተማሪዎችን የሚከታተል ካባስ የሚባል የከተማ ሠራተኛም አለ። ነገር ግን አንድ ቤት ስገባ ስለ መቅረቱ የተጻፈው ደብዳቤ በዕብራይስጥ ስለነበር ለእናቱ የሚያነብላት ቀሪው ልጅ ራሱ ነበር። ምን ብሎ እንዳነበበላት መገመት ለአንባቢ አይከብድም። እናትየዋ ግን ግድ የለሽ አልነበረችም። ሌሊት ጽዳት ሠርታ የምትገባ ሴት ናት፤ ልጇ በየጠዋቱ ቦርሳውን አንግቦ ሲወጣ እያየች ትምህርት ቤት ደረሰ ብላ ትተኛለች። ስለ ጉዳዩ በአማርኛ ያነጋገራት የመጀመሪያው ሰው እኔ ነበርኩ፤ ልጁ ግን መቅረት ከጀመረ ወራት አልፈውት ነበር። እሷም የነገርኳትን ከሰማች በኋላ ቀድማ የጠየቀችኝ የማን ልጅ እንደሆንኩ ነው። የአያቴን ስም ስነግራት ቡና አፈላች፤ ከዚያ በኋላ ነው መነጋገር የጀመርነው። በሚቀጥለው ሳምንት አጎቱን ጠራች፤ አጎቱ ደግሞ ልጁ የሚያከብራቸውን ቄስ። የልጁ ችግር ሁሉ ተፈታ አልልም፤ ግን ቢያንስ መቅረቱ የቤቱ ጉዳይ ሆነ።

ወደ አቶ ዮና ልመለስ። የመንደር ትምህርት ቤቶቹ ዕድሜ አጭር ነበር። በ1950ዎቹ መጨረሻ ሶኽኑት ገንዘቡን ቀነሰ፤ አብዛኞቹ ተዘጉ፤ አምቦበርን የመሳሰሉ ጥቂቶች ብቻ ቀሩ። ከክፋር ባትያ የተመለሱት መምህራን ብዙዎቹ ሌላ ሥራ ፈለጉ። ልጆቹም ወደ ከብቱ ተመለሱ። ይህን ጊዜ የቀረው ማን ነው ብሎ ስም የጠራ ቢኖር፣ አቤት ማለት ያቃተው ትምህርት ቤቱ ነበር። አቶ ዮና ግን አልለቀቁም። ከለንደንና ከአሜሪካ ከሚረዱ ማኅበራት ጋር እየተጻጻፉ፣ ለመምህር ደመወዝና ለመጽሐፍ የሚሆን ገንዘብ እየለመኑ ዓመታት ቆዩ። የዕብራይስጥና አማርኛ መዝገበ ቃላት ያዘጋጁትም እሳቸው ናቸው። ከውጭ የሚመጣ እንግዳ ሁሉ የሚያርፈው እሳቸው ዘንድ ነበር።

በ1973 ራቢ ኦቫድያ ዮሴፍ ቤተ እስራኤል አይሁድ መሆናቸውን በየኑ፤ በ1975 የመመለስ ሕግ እንደሚመለከታቸው ተወሰነ። በመካከሉ ግን አብዮቱ ፈነዳ፣ መውጫውም ጠበበ። አቶ ዮና በ1979 ወደ እስራኤል ገቡ። በዚያው ዓመት በሞንትሪያል በአሜሪካ አይሁድ ፌዴሬሽኖች ጉባኤ ላይ ቆመው ማኅበረሰቡ ሳይጠፋ እንዲደርሱለት ተማጸኑ። ለብዙ አድማጮች ከቤተ እስራኤል ሰው አፍ ሲሰሙ የመጀመሪያቸው ነበር።

ከ1984 መጨረሻ እስከ 1985 መጀመሪያ በዘመቻ ሙሴ ሺዎች በሱዳን በኩል ሲገቡ አቶ ዮና በሕይወት ነበሩ። ወጣቶቹ አብዛኞቹ በአሊያት ሃኖዓር በኩል ወደ ፕኒሚያ ሲላኩም እንዲሁ። ልጁ ሩቅ ቦታ ያድራል፣ ቤት የሚመጣው ከስንት ጊዜ አንዴ ነው፣ ወላጅ ምን እንደሚማር አያውቅም፤ አቶ ዮና በልጅነታቸው የሄዱበት መንገድ በሌላ አገር እንደገና ተከፈተ። በዚያ መንገድ ባግሩት የያዙ፣ መኮንንና ሐኪም የሆኑ አሉ። በዕረፍት ቀን ቤት ሲመጡ ከአባታቸው ጋር የሚነጋገሩበት ቋንቋ ያጡም አሉ። የእኔ አጎቶች ከሁለቱም ወገን ናቸው።

አቶ ዮና በ1987 በእስራኤል አረፉ። ከክፋር ባትያ ከተመለሱት መምህራን መካከል በኋላ ወደዚህ የገቡት ደግሞ ለአዲስ መጪዎች አስተርጓሚና አስተማሪ ሆነው ሠሩ፤ ጎንደር ላይ ፊደል ያስቆጠሯቸውን ልጆች እዚህ በወላጅነት ያገኟቸው አሉ።