ሻለቃ ቺዝማን በታንኳና በበቅሎ

በትምህርት ቤት መጽሔት ላይ የታላላቅ ሰዎችን ታሪክ መጻፍ የተለመደ ስለሆነ፥ እኔም በበኩሌ ስለ አንድ እንግሊዛዊ አገር መርማሪ ጥቂት ለመጻፍ አስቤአለሁ። ብዙ ጊዜ የሚጻፈው ስለ ነገሥታትና ስለ ጦር ጀግኖች ነው። እኔ የመረጥኋቸው ሰው ግን ስማቸው የተነሣው በውሃ ምክንያት ነው፤ ይኸውም በኢትዮጵያ ውሃዎች ላይ ጀልባ የት ሊሄድ እንደሚችል፥ የትስ እንደማይችል ዞረው ስለ መረመሩ ነው። የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

ሻለቃ ሮበርት ኤርነስት ቺዝማን በ1878 በእንግሊዝ አገር ኬንት በሚባለው አውራጃ ተወለዱ። ወፎችንና አራዊትን ማጥናት እጅግ ይወዱ ነበር። ይህ ፍቅር የቤተሰቡ ሳይሆን አይቀርም፤ እኅታቸው ኤቨሊን ቺዝማንም ነፍሳትን ለመሰብሰብ እስከ ኒው ጊኒ ደሴት የዘለቁ የታወቁ ተመራማሪ ነበሩ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ሻለቃው ወደ መስጴጦምያ ዘመቱ፤ ከዚያም በኢራቅ የእንግሊዝ ከፍተኛ ኮሚሽነር ለነበሩት ለሰር ፐርሲ ኮክስ የግል ጸሐፊ ሆነው ሠሩ። ወደ ዐረብ በረሃም ገብተው አገር መርምረዋል። በስማቸው የተጠራ አንድ የበረሃ አይጥ አለ። በእኛ አገር አይጥ በሰው ስም ቢጠራ ስድብ ይመስላል፤ በሳይንስ ሰዎች ዘንድ ግን ትልቅ ክብር ነው።

በ1925 በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ የእንግሊዝ ቆንስል ሆነው ተሾሙና በጎጃም በዳንግላ ተቀመጡ። እዚህ ላይ አንባቢ አንድ ነገር እንዲያስብ እወዳለሁ። እንግሊዝ ቆንስሉን በዳንግላ ያስቀመጠችው ለወፍና ለአበባ ብላ አልነበረም። ሱዳን በእጇ ስለ ነበረች የጣናና የዓባይ ነገር ያሳስባት ነበር፤ በ1902 ከዐፄ ምኒልክ ጋር ባደረገችው ውል ላይም የዓባይ ውሃ ጉዳይ ገብቶ ነበር። ስለዚህ ሻለቃ ቺዝማን የመንግሥታቸው አገልጋይ ነበሩ። ይህን ሳንረሳ ግን ሥራቸውን ማድነቅ የሚገባን ይመስለኛል፤ በዚያን ጊዜ ዓባይ ከጣና ወጥቶ ሱዳን እስኪደርስ ያለው መንገዱ በአብዛኛው በካርታ ላይ በትክክል ተጽፎ አልነበረምና።

ከእሳቸው በፊት ወንዙን በጀልባ ለመውረድ የሞከረ ነበረ። በ1903 ማክሚላን የሚባል አሜሪካዊ ባለጸጋ የብረት ጀልባዎች አሠርቶ ዓባይ ላይ አወረደ፤ ጀልባዎቹ ግን ብዙም ሳይርቁ በቋጥኝ ተሰባበሩ። ነገሩ የሚያስደንቅ አይደለም። ጣና ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,800 ሜትር ገደማ ሲሆን፥ ወንዙ ሱዳን ድንበር ሲደርስ ወደ 500 ሜትር ገደማ ይወርዳል። ይህን ሁሉ የሚወርደው ከ1,000 ሜትር በላይ በጠለቀ ገደል ውስጥ ነው። ከጢስ ዓባይ በታች አዞና ወባ አሉ፤ ደገኛው ሰው ወደ ሸለቆው የሚወርደው ለመሻገር ብቻ ነው፤ ሲሻገርም አቁማዳ ነፍቶ በላዩ ይዋኛል።

ሻለቃ ቺዝማን የብረት ጀልባ አላሠሩም። በበቅሎ ተቀምጠው የገደሉን ከንፈር ተከትለው ሄዱ፤ መሻገሪያ ባለበት ቦታ ሁሉ እየወረዱ ወንዙን አዩ፥ ለኩ፥ መዘገቡ፥ እንደ ገና ወጡ። መውረዱ አንድ ቀን፥ መውጣቱ ከዚያ የባሰ ድካም ነው፤ የተከዜን ቁልቁለት የሚያውቅ የዋግ ልጅ ይህን ያለ ማስረጃ ያምናል። የየመንደሩን ሰው የመሻገሪያውን ስምና ውሃው የሚጐድልበትን ወር ይጠይቁ ነበር። በዚህ ዐይነት በብዙ ጉዞ ካርታው ሞላ። ወንዙ ለመጓጓዣ እንደማይሆንም ተረጋገጠ።

በጣና ላይ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ሐይቁ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ይበልጣል፤ ጥልቀቱ ግን ወደ 14 ሜትር ገደማ ብቻ ነው። እዚህ ሻለቃው በአገሩ ታንኳ ተጓዙ። ታንኳ የሚሠራው ከደንገል ነው፤ የደረቀው ደንገል በነዶ በነዶ ይታሰርና ጫፉ ወደ ላይ ይቀለበሳል። በሥራው የታወቁት ወይጦዎች ናቸው። ውሃ በነዶው መካከል ስለሚገባ ተሳፋሪው ይረጥባል፥ ታንኳውም እየከበደ ስለሚሄድ ወደ ዳር ወጥቶ ፀሐይ ይመታዋል፤ ዕድሜውም አጭር ነው። ሆኖም ውስጡ ባዶ ስላልሆነ ውሃ ሞልቶት አይሰጥምም። ቀዛፊዎች ከሰዓት በኋላ ነፋስ እንደሚነሣ ስለሚያውቁ ማለዳ ይነሣሉ፤ ከጉማሬም ይጠነቀቃሉ። ሻለቃው ደሴቶቹን እያዳረሱ ዳጋ እስጢፋኖስን፥ ጣና ቂርቆስን፥ ክብራን ገብርኤልንና ሌሎቹን ገዳማት ጐብኝተው ጻፉ። ዛሬ ፈረንጆች ለስፖርት የሚቀዝፉት ካያክ በሰሜን ዋልታ አካባቢ ያሉ አዳኞች ከቆዳ ይሠሩት የነበረ ነው፤ የእኛም ታንኳ ከእርሱ ጋር ተወዳዳሪ ሆኖ ሊጠቀስ ይገባው ነበር እላለሁ።

ቆንስልነታቸው በ1934 ተፈጸመ። ስለ ጣናና ስለ ዓባይ የጻፉት መጽሐፍ በ1936 ታተመ፤ በዚያው ዓመት የእንግሊዝ ንጉሣዊ የጂኦግራፊ ማኅበር ሜዳልያ ሸለማቸው። ነገር ግን በዚያው በ1936 ጣልያን አዲስ አበባ ገባ። በ1940 እንግሊዞች ከአርበኞቻችን ጋር ለመተባበር በተነሡ ጊዜ ጎጃምን እንደ እሳቸው የሚያውቅ እንግሊዛዊ ጥቂት ስለ ነበረ፥ ካርቱም ላይ ስለ ኢትዮጵያ ወሬ የሚሰበስበው ክፍል አለቃ ሆኑ። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ በጥር ወር 1941 ኦሜድላ ሲገቡና በጎጃም በኩል ሲያልፉ፥ ያ በበቅሎ የተሰበሰበ ዕውቀት ለነጻነታችን አገለገለ። ሻለቃው በ1962 ዐረፉ።

ወንዙን በጀልባ የመውረድ ነገር ከዚያ በኋላ የስፖርተኞች ሆነ። በ1968 ካፕቴን ብላሽፎርድ ስኔል የመሩት ጓድ ዓባይን በጐማ ጀልባ ወረደ፤ አንድ ወታደርም በውሃ ተወስዶ ሞተ። በ1972 ማይክ ጆንስ የተባለ ወጣት ከጓደኞቹ ጋር በካያክ መጣ፤ እርሱም በ1978 በፓኪስታን ወንዝ ላይ ጓደኛውን ሊረዳ ሲል ሞተ። የእኛንም ተከዜ በ1996 አሜሪካውያን በጐማ ጀልባ ወርደውታል። ይህ የሆነው ግድቡ ከመሠራቱ በፊት ነው። በ2009 የተፈጸመው የተከዜ ግድብ ቁመቱ 188 ሜትር ነው፤ ከኋላው የተኛው ሐይቅ እስከ ዋግ ኽምራ ስለሚደርስ፥ ወጣቶች ከእርሱ ዓሣ እያወጡ ይሸጣሉ። እንደ እኔ አስተያየት በዋግ ለቀዘፋ ተስማሚው ስፍራ ይህ ሐይቅ ነው፤ ከግድቡ በላይ ያለው ተከዜ በነሐሴ ሰው ይወስዳል፥ በጥር ደግሞ ድንጋዩ ይበዛል።

ከክፍል ጓደኞቼ ጋር በሻለቃው ዘዴ የተከዜንና የጸላሪን መሻገሪያዎች ስም ከሽማግሌዎች እየጠየቅን በደብተር መጻፍ ጀምረናል። ስሞቹ ተጽፈዋል፤ ውሃው የሚጐድልበት ወር ግን ሽማግሌዎቹን ስላከራከራቸው ከአንዳንዶቹ ስሞች ፊት ለፊት ሁለት ወሮች ተጽፈዋል።