የሂራም ፐርሲ ማክሲም ታሪክና የማርሚታ ብልሃት

ማክሲም የሚለው ስም ሲጠራ ብዙ ሰው አስቀድሞ የሚያስበው መትረየስን ነው። ይህም ያለ ምክንያት አይደለም። ጥይቱን ራሱ እየጎረሰ፥ ቀለሃውን ራሱ እየተፋ፥ በደቂቃ እስከ 600 ጊዜ የሚተኩሰውን መሣሪያ እ.ኤ.አ. በ1884 ዓ.ም. የሠራው ሰር ሂራም ማክሲም የተባለ፥ አሜሪካ ተወልዶ እንግሊዝ አገር የኖረ ሰው ነበር። እኛም ብንሆን ለዚህ ዓይነቱ መሣሪያ እንግዶች አይደለንም። ከዚህ ከሐይቅ ብዙ በማይርቀው በአምባሰል፥ ይስማ ንጉሥ በተባለው ስፍራ በ1881 ዓ.ም. የተፈረመው የውጫሌ ውል ያስከተለው ጦርነት በ1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ ሲፈጸም፥ በኢትዮጵያ ጦር እጅም ፈጣን ተኳሽ መድፎችና መትረየሶች ነበሩ። እኔ ግን ለመጽሔታችን አንባብያን ላወጋ ያሰብሁት ስለ አባትየው ሳይሆን ስለ ልጁ ነው። አባት ዓለምን በጩኸት ሲያናውጥ፥ ልጅ ጩኸትን እንዴት አድርጎ ሊያፍን እንደሚቻል ሲመራመር ኖሯልና።

ይህን ሰው ለመምረጥ ያበቃኝ ጉዳይ እንዲህ ነው። አጎቴ ከአዲስ አበባ፥ ከአሮጌ ዕቃ ሻጮች ዘንድ፥ ለትንንሽ የአውሮፕላን ሞዴሎች የሚሆን ባለ 2.5 ሴንቲ ሜትር ኩብ ሞተር ገዝቶ አምጥቶልኝ ነበር። መጠኑ ከእጅ መዳፍ አይበልጥም፤ ጩኸቱ ግን የወፍጮ ቤትን ያህላል። በሳይንስ ክበባችን መምህር ፊት በሳንቃ ላይ አስረን ባስነሣነው ቀን ላሞች ገመድ በጥሰው ሸሹ፥ ጎረቤቶችም ወጥተው ምን መጣ አሉ። አንድ ሽማግሌ አባት በትሕትና ቀርበው፥ ሕመምተኛ ቤታቸው ተኝቶ እንዳለና ይህ ነገር ካልቆመ እንደሚቸገሩ ነገሩን። መምህራችንም ድምፁ ካልተቀነሰ ሞተሩ ሁለተኛ እንዳይነሣ ወሰኑ። ልክ ነበሩ። እኛ የምንኖረው አቡነ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው መቶ ዓመት ገዳም ባስፋፉበት፥ እስከ ዛሬም የሐይቅ እስጢፋኖስ መነኮሳት በጸሎት በሚተጉበት ውሃ አጠገብ ነውና ጸጥታ ቀላል ነገር አይደለም። እንግዲህ ወይ ሞተሩን መተው፥ ወይ ድምፁን ማፈን ነበር የቀረልን። ድምፅ ማፈን የሚለውን ነገር ስፈልግ የፐርሲ ማክሲምን ስም አገኘሁ።

ሂራም ፐርሲ ማክሲም እ.ኤ.አ. በ1869 ዓ.ም. በዚያን ጊዜ ኒው ዮርክ አጠገብ በነበረችው በብሩክሊን ተወለደ። ቤተ ሰቡ የፈንጂ ቤተ ሰብ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ አባቱ መትረየስ ሲሠራ አጎቱ ሃድሰን ማክሲም ደግሞ ባሩድ ሲቀምም የኖረ ሰው ነው። ልጁ ገና የ12 ዓመት ግድም ሳለ አባቱ ለሥራ ወደ አውሮፓ ተሻገረና በዚያው ቀረ። ፐርሲ ከእናቱና ከእኅቶቹ ጋር አሜሪካ አደገ። ሆኖም በአባቱ ላይ ቂም የያዘ አይመስልም፤ በስተርጅናው ስለ አባቱ አመል የጻፈው መጽሐፍ ሳቅ የሞላበት እንደ ሆነ ይነገርለታል። በትምህርቱ እጅግ ፈጣን ስለ ነበር ከማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም እ.ኤ.አ. በ1886 ዓ.ም. ሲመረቅ ዕድሜው 16 ዓመት ብቻ ነበር። እኔ በ18 ዓመቴ ገና የ12ኛ ክፍል ፈተና እጠብቃለሁ፤ ነገሩን እዚህ ላይ መተው ይሻላል።

ከተመረቀ በኋላ ሊን በምትባል ከተማ በአንድ የጥይት ፋብሪካ ተቀጠረ። አንድ ሌሊት በብስክሌት ወደ ቤቱ ሲመለስ፥ እግር ሳይደክም በሞተር የሚሄድ ሠረገላ ቢኖር ብሎ አሰበ። ስለ ቤንዚን ሞተር ያስተማረው ሰው አልነበረም። ስለዚህ ጥቂት ቤንዚን ገዝቶ ጠብታውን ባዶ ቀለሃ ውስጥ ጨመረና ክብሪት ጭሮ ወረወረበት። ፍንዳታው አስደነገጠው፤ ግን በአንዲት ጠብታ ውስጥ ምን ያህል ኃይል እንደ ተሰወረ በዓይኑ አየ። ከዚያ በኋላ ሞተር ሠርቶ በባለ ሦስት እግር ብስክሌት ላይ ገጠመ። እ.ኤ.አ. በ1895 ዓ.ም. በሃርትፎርድ ከተማ የሚገኘው የፖፕ ብስክሌት ፋብሪካ መሐንዲስ አድርጎ ቀጠረው። የፋብሪካው አለቆች ግን የቤንዚን ሞተር ይጮኻል፥ ይሸታል፥ ይንቀጠቀጣል እያሉ በኤሌክትሪክ የሚሄደውን ሠረገላ ይመርጡ ነበር። ለእኔ እንደሚመስለኝ የኋላ ሥራው ፍሬ ነገር የተዘራው እዚህ ላይ ነው፤ ሞተር ከሰው ጋር የሚኖረው ድምፁ የተገራ እንደ ሆነ ብቻ መሆኑን ከወቀሳ ተማረ።

የአባቱም ነገር ሌላ ትምህርት ሳይሆነው አልቀረም። ሰር ሂራም መትረየሱን ሲፈትን ብዛት ካለው ተኩስ የተነሣ ጆሮው ደንቁሮ ነበር። ይኸው አባት እ.ኤ.አ. በ1894 ዓ.ም. ከሦስት ቶን በላይ የሚመዝን፥ በሁለት የእንፋሎት ሞተሮች የሚገፋ የበረራ መኪና እንግሊዝ አገር ሠርቶ፥ መኪናው ከሐዲዱ ላይ ጥቂት ብድግ ብሎ መከላከያውን ሰብሮ ወድቋል። ስለዚህ ከአውሮፕላንም ከጩኸትም ጋር ዝምድና ያለው ቤት ነው።

ፐርሲ ድምፅ ማፈኛውን ያሰበው ገላውን ከታጠበ በኋላ ውሃው በገንዳው ቀዳዳ እየተሽከረከረ ሲወርድ አይቶ ነው ይባላል። ውሃው ስለሚሽከረከር በአንድ ጊዜ አይወርድም፤ ቀስ እያለ ነው የሚወጣው። የባሩዱም ጋዝ እንዲሁ ቢሽከረከር በአንድ ጊዜ ፈንድቶ አይጮኽም ብሎ፥ ውስጡ በተጣመሙ ክፍልፋዮች የተሞላ ቱቦ ሠርቶ በጠመንጃ አፍ ላይ ገጠመ። የባለቤትነት ወረቀቱንም እ.ኤ.አ. በ1909 ዓ.ም. ተቀበለ። ዓላማው ጎረቤት ሳይረበሽ ዒላማ መለማመድ ነበር። በኋላ ግን ሰዎች ለክፉ ሥራ ያውሉታል ተብሎ ስለ ተሠጋ፥ የአሜሪካ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1934 ዓ.ም. ባወጣው ሕግ በአንዱ ማፈኛ ላይ 200 ዶላር ቀረጥ ጣለ፤ ይህም በዚያን ዘመን ከዕቃው ዋጋ እጅግ የሚበልጥ ነበር። ኩባንያው ግን ከዚያ አስቀድሞ ፊቱን ወደ ሞተር ጭስ ማውጫ አዙሮ፥ ለመርከብና ለፋብሪካ ሞተሮች ትልልቅ ድምፅ ማፈኛዎች ይሠራ ነበር። በእኛ ጋራዦች ማርሚታ የምንለው ማለት ነው።

አሁን ወደ ትንሹ ሞተራችን ልመለስ፤ የማክሲም ሐሳብ በእጅ የሚዳሰሰው እዚህ ላይ ነውና። ሞተሩ በደቂቃ 12,000 ጊዜ ይዞራል እንበል። ባለ ሁለት ምት ስለ ሆነ በያንዳንዱ ዙር አንድ ጊዜ ይፈነዳል፤ ይህም በሰከንድ 200 ፍንዳታ ነው። ፒስቶኑ የጭሱን በር በከፈተ ቁጥር፥ ተጨንቆ የነበረው ትኩስ ጋዝ በአንድ ጊዜ ከአየሩ ጋር ይጋጫል፤ ጩኸቱ ይኸው ነው። ክረምት ከተራራው የሚወርደውን ጎርፍ አስቡት፤ በገደሉ ሲወርድ ያገሣል፥ ድንጋይ ያንከባልላል፤ ሐይቃችን ውስጥ ሲገባ ግን ይዘረጋና ድምፁ ይጠፋል። ማርሚታም ለጋዙ ሐይቅ ማለት ነው። ጋዙ ሰፊ ክፍል ያገኝና ይለጠጣል፥ ይበርዳል፥ ከዚያም በጠባብ ቀዳዳ ሳይቸኩል ይወጣል።

የማርሚታው ክፍል ከሞተሩ ሲሊንደር ቢያንስ 10 እጥፍ ሊሆን ይገባዋል። እኛ የአሮጌ ብስክሌት መንፊያ ቱቦ በሰጌቶ ቆረጥን፤ የውስጡ ስፋት 2፥ ርዝመቱ 9 ሴንቲ ሜትር ስለ ሆነ 28 ሴንቲ ሜትር ኩብ ግድም ይይዛል። መካከሉ ላይ ብዙ ቀዳዳ ያለው ክብ ቆርቆሮ አቆምን። ሁለቱን ክዳኖች በእርሳስ አልበየድናቸውም። ለብየዳ የሚሆነው እርሳስ በ200 ዲግሪ አካባቢ ይቀልጣልና ከጭሱ ትኩሳት ጋር አይዘልቅም፤ ስለዚህ ከጫፍ እስከ ጫፍ በሚያልፍ አንድ ረጅም ብሎን አጠበቅናቸው። ከሁሉ የከበደው የመውጫው ቀዳዳ ነበር። ቀዳዳው ሰፊ ከሆነ ድምፁ አይታፈንም፤ ጠባብ ከሆነ ደግሞ ጭሱ ወደ ኋላ ይገፋና ሞተሩ ይግላል፥ ጉልበቱም ይደክማል። ከ4 ሚሊ ሜትር ጀምረን በሞረድ ትንሽ በትንሽ እያሰፋን በየጊዜው ሞተሩን እያስነሣን ሞከርን፤ 6 ላይ ቆምን። ነዳጁ ሜታኖልና የጉሎ ዘይት ነው። ሜታኖል መርዝ በመሆኑ የሚቀዱት መምህራችን ብቻ ናቸው። ጉሎው ግን በየጓሯችን የሚበቅለው መሆኑን ስሰማ ደስ አለኝ።

ማርሚታው ከተገጠመ በኋላ ከሞተሩ አጠገብ ቆመን ሳንጮኽ መነጋገር ቻልን። የቀረው ድምፅ የተርብ ድምፅ የሚመስለው የተሽከርካሪው ነው፤ እርሱን ማክሲምም ቢሆን ሊያፍነው አይችልም ነበር፥ ከጭስ ማውጫው አይመጣምና። እኚያ ሽማግሌ አባት በሁለተኛው ሙከራ ቀን መጥተው፥ ጆሮአቸውን አዘንብለው አዳመጡና፥ በሳምንት አንድ ቀን፥ ያውም ከቀትር በኋላ እንዲሆን ፈቀዱልን። ከአራቱ የዜማ ቅኝቶች አንዱ በስሙ በሚጠራው በአምባሰል የጆሮ ዳኛ አይታጣም።

ስለ ማክሲም ሌላው የሚያስገርመው፥ የሚጮኸውን ዝም ሲያሰኝ የኖረው ሰው ሩቅ ለሩቅ ሰዎችን ማነጋገሩ ነው። እ.ኤ.አ. በ1914 ዓ.ም. ከሃርትፎርድ ወደ ስፕሪንግፊልድ በራዲዮ መልእክት ለማድረስ ሞክሮ አልሆንለት ሲል፥ በመካከል የሚገኝ ሌላ አማተር ተቀብሎ አስተላለፈለት። በእኛ አገር ከአንዱ ተረተር ወደ ሌላው ተረተር ድምፅ እየተቀባበለ መርዶም ሆነ የምሥራች እንደሚደርሰው ማለት ነው። በዚያው ዓመት የአሜሪካ የራዲዮ ቅብብሎሽ ማኅበርን መሠረተ። እ.ኤ.አ. በ1926 ዓ.ም. ደግሞ የአማተር ፊልም አንሺዎችን ማኅበር አቋቋመ፤ ስለ ከዋክብትም ጽፏል።

ያረፈው እ.ኤ.አ. የካቲት 17 ቀን 1936 ዓ.ም. ነው። በባቡር ወደ ምዕራብ ሲጓዝ ታሞ ኮሎራዶ ውስጥ ላ ሁንታ በተባለች ከተማ ሞተ፤ ዕድሜው 66 ነበር። በዚያው ሳምንት በአምባ አራዶም ጦርነት የአባቱ ፈጠራ ዘሮች የሆኑት መትረየሶች በወገኖቻችን ላይ ይተኩሱ ነበር፤ ከሐይቅ 30 ኪሎ ሜትር ያህል የምትርቀው ደሴም ከሁለት ወር በፊት በአውሮፕላን ቦምብ ተደብድባ ነበር። የፐርሲ ማክሲም የራዲዮ መጠሪያ ፊደል ከሞተ በኋላ ለማኅበሩ ጣቢያ ተሰጠ፤ ጣቢያው ዛሬም ከሃርትፎርድ አጠገብ በኒውዊንግተን ሆኖ በዚያው ስም ይጠራል።