ሀብቱ አልቆ ሥራው የቀረ፤ የዴቪድ ቡይክ ታሪክ

ከአቃቂ ወደ ቢሾፍቱ የሚያልፉትን መኪናዎች ዕለት ዕለት የምናይ እኛ ተማሪዎች፣ የሞተርን መተንፈሻ ካቀኑት ሰዎች የአንዱን ታሪክ በአጭሩ እንጽፋለን። ዓመታቱ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ዴቪድ ቡይክ በ1854 በስኮትላንድ ተወልዶ፣ በሕፃንነቱ ወደ አሜሪካ ተወሰደ። በቧንቧ ዕቃና በመታጠቢያ ገንዳ ሥራ ከበረ፤ ነገር ግን ልቡ ወደ ሞተር ስላዘነበለ ንግዱን ሸጠ።

በዚያ ዘመን በብዙ ሞተሮች ላይ አየርና ቤንዚን የሚያስገባውም ሆነ ጭስ የሚያስወጣው ቫልቮላ ከሲሊንደሩ ጎን ስለ ነበረ፣ ትንፋሹ እየተጣመመ ይሄድ ነበር። ቡይክ ከዋልተር ማርና ከዩጂን ሪቻርድ ጋራ ሆኖ ሁለቱንም ከፒስቶኑ በላይ፣ በቴስታታው ላይ አደረጋቸው። መንገዱ ስለ ቀና የሞተሩ ጉልበት በረታ። ፎርድ በ1932 ባወጣው ባለ 8 ሲሊንደር ሞተር ግን ቫልቮላው በጎን ሆኖ፣ የጋለው ጭስ በሞተሩ አካል ውስጥ እያለፈ ያግለው ነበር፤ ኋላ ለ1954 መኪናዎቹ ፎርድ በባለ 8 ሲሊንደር ሞተሩም የላዩን ቫልቮላ ተቀበለ።

በቡይክ ኩባንያ ላይ ተመሥርቶ በ1908 ጄኔራል ሞተርስ ቆመ። ቡይክ ግን ከኩባንያው ወጥቶ ሀብቱን አጣ፤ በዲትሮይት በአንድ የሙያ ትምህርት ቤት እየሠራ ኖሮ በ1929 በድህነት ሞተ።

ዛሬ ቤንዚንና ናፍጣ የሚጠጡ መኪናዎች ሁሉ ማለት ይቻላል በላዩ ቫልቮላ ይተነፍሳሉ። ሀብት ያልቃል፤ መልካም ሥራ ግን ከባለቤቱ በኋላ ይኖራልና፣ እኛም በትምህርታችን እንትጋ።